ወላጅ ራውት የጫነውን ዳታ ልጁ የሚያገኘው መቼ ነው?

ሪአክት ራውተርን፣ ስቬልትኪትን ወይም እነርሱን የመሰሉ የዌብ ፍሬምወርኮችን (የዌብ መተግበሪያ መሥሪያ ማዕቀፎችን) መማር የጀመረ ፕሮግራመር ሁሉ ውሎ ሳያድር አንድ ጥያቄ ያጋጥመዋል። ከላይ ያለው ገጽ አንድ ጊዜ ከዳታቤዝ ያመጣውን ዳታ ከሥሩ ያለው ገጽ እንደገና ሳይጠይቅ እንዴት ሊጠቀምበት ይችላል? ሪሚክስ የተባለው ፍሬምወርክ በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ከሪአክት ራውተር 7 ጋር ከተዋሐደ ወዲህ ጥያቄው ይበልጥ ተደጋግሟል፤ ምክንያቱም ሪአክት ራውተርን ለዓመታት ከገጽ ወደ ገጽ ለመሸጋገሪያ ብቻ ሲጠቀሙበት የነበሩ ብዙ ሰዎች ዳታ መጫንም የእርሱ ሥራ መሆኑን ያወቁት በዚያ አጋጣሚ ነው።

መልሱ ግራ የሚያጋባው «ይቻላል» የሚልም «አይቻልም» የሚልም ሰው ስለሚገኝና ሁለቱም ትክክል ስለሆኑ ነው። ልዩነቱ ያለው ዳታው የሚፈለግበት ሰዓት ላይ ነው። ልጁ የወላጁን ዳታ የሚፈልገው ገጹ በስክሪን ላይ በሚሣልበት ጊዜ ከሆነ መጋራቱ እጅግ ቀላል ነው። የራሱን ዳታ ገና እየጫነ ሳለ ከፈለገው ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ፍጥነትንም ደኅንነትንም የሚነኩት ስሕተቶች በአብዛኛው የሚመጡት ሁለቱን ጊዜያት ካለመለየት ነው።

ወላጅ ራውት፣ ልጅ ራውት ሲባል ምን ማለት ነው?

ራውት ማለት በብራውዘሩ የአድራሻ ሳጥን ላይ የተጻፈውን አድራሻ፣ ለተጠቃሚው ከሚታየው ገጽና ገጹን ከሚያዘጋጀው ኮድ ጋር የሚያገናኝ ደንብ ነው። ለምሳሌ የተማሪዎችን ውጤት የሚይዝ አንድ መተግበሪያ እንውሰድና አድራሻው «ትምህርት ቤት/24/ክፍል/7ለ/ተማሪ/15» ነው እንበል። የመጀመሪያው ቁራጭ ቁጥሩ 24 የሆነውን ትምህርት ቤት ያመለክታል፤ በገጹ አናት ላይ የትምህርት ቤቱን ስምና የትምህርት ዘመኑን ያሳያል። ሁለተኛው ቁራጭ በዚያው ገጽ ውስጥ የ7ኛ «ለ» ክፍልን የስም ዝርዝርና የክፍል ኃላፊውን መምህር ይዞ ይቀመጣል። ሦስተኛው ደግሞ በክፍሉ ውስጥ የተራ ቁጥር 15 ተማሪን ውጤት ያሳያል። አንዱ በሌላው ውስጥ ስለተቀመጠ የውጪው ወላጅ፣ የውስጡ ልጅ ይባላል። ሪአክት ራውተር በወላጁ ገጽ ላይ ለልጁ የሚተወውን ክፍት ቦታ አውትሌት ይለዋል።

የዚህ አሠራር ጥቅም መምህሩ ከተማሪ 15 ወደ ተማሪ 16 ሲሻገር የትምህርት ቤቱ ስምና የክፍሉ ዝርዝር ባሉበት ቆይተው የውስጠኛው ክፍል ብቻ መለወጡ ነው። ሐሳቡን በጃቫስክሪፕት ዓለም በሰፊው ያስተዋወቀው በ2013 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ሙሉ እትሙን ያወጣው ኤምበር የተባለው ፍሬምወርክ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት የተጀመረው ሪአክት ራውተርም ሐሳቡን ከኤምበር መውሰዱን ሠሪዎቹ በግልጽ ተናግረዋል።

ሎደር ምንድን ነው?

ሎደር አንድ ራውት ከመታየቱ በፊት የሚያስፈልገውን ዳታ የሚያመጣ ፈንክሽን ነው። ስቬልትኪት «ሎድ» ይለዋል፤ ኤምበር ደግሞ «ሞዴል» ይለዋል። በእኛ ምሳሌ ሦስት ሎደሮች አሉ፤ አንዱ የትምህርት ቤቱን፣ አንዱ የክፍሉን፣ አንዱ የተማሪውን ዳታ ያመጣል።

ሎደር ለምን እንዳስፈለገ ካልታወቀ የቀረው ማብራሪያ አይገባም። ከሎደር በፊት በነበረው የተለመደ አሠራር ወላጁ ኮምፖነንት (የገጹን አንድ ክፍል የሚሥለው ኮድ) መጀመሪያ ይሣላል፣ ከተሣለ በኋላ ዳታውን ይጠይቃል፣ ዳታው ሲደርስ ልጁ ይሣላል፣ ልጁም በተራው የራሱን ይጠይቃል። ተጠቃሚው የሚያየው አንድ የሚሽከረከር ክብ ሲጠፋ ሌላ ሲተካው ነው። ሎደሮች ይህን ሰንሰለት የሚቆርጡት በአንድ ቀላል እውነታ ላይ ተመሥርተው ነው። ራውተሩ፣ ማለትም ራውቶችን የሚያስተዳድረው የፍሬምወርኩ ክፍል፣ አድራሻውን ብቻ አይቶ የትኞቹ ሦስት ራውቶች እንደሚያስፈልጉ ገና ምንም ሳይሣል ያውቃል። ስለዚህ ሦስቱንም ሎደሮች በአንድ ጊዜ ሊያስነሣ ይችላል።

ከተጫነ በኋላ ልጁ የወላጁን ዳታ እንዴት ያገኛል?

ገጹ መሣል ሲጀምር የሁሉም ሎደሮች ውጤት በራውተሩ እጅ ገብቷል። ስለዚህ የተማሪውን ውጤት የሚያሳየው ኮምፖነንት የትምህርት ቤቱን ስም በሰነዱ ራስጌ ላይ ማተም ቢፈልግ አዲስ ጥያቄ ወደ ሰርቨር መላክ አያስፈልገውም። በሪአክት ራውተር «ዩዝ ራውት ሎደር ዳታ» የተባለውን ፈንክሽን ለወላጁ ራውት በተሰጠው መለያ ይጠራዋል፤ ዳታው ወዲያው ይሰጠዋል። ወላጁ ራሱ በአውትሌቱ በኩል ለልጆቹ አንድ ነገር እንዲያቀብል ማድረግም ይቻላል፤ ይህኛው መንገድ የሚመረጠው የሚቀበለው ነገር ከሎደር የመጣ ሳይሆን ወላጁ በብራውዘር ውስጥ የያዘው ነገር ሲሆን ነው፣ ለምሳሌ መምህሩ ለጊዜው የመረጠው የማጣሪያ ምርጫ።

ስቬልትኪት ከዚህም ይቀላል። የወላጆችንና የልጁን ዳታ አንድ ላይ ቀላቅሎ ለገጹ ስለሚሰጠው ልጁ የወላጁን ነገር በስሙ ብቻ ይጠራዋል። ቅልቅሉ ግን አንድ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ወላጁም ልጁም «ስም» የሚባል ነገር ቢመልሱ ወደ ውስጥ የቀረበው የልጁ ያሸንፋል፤ በሰነዱ ራስጌ ላይ የትምህርት ቤቱ ስም ይጠበቅ በነበረበት ቦታ የተማሪው ስም ይታያል፤ ምንም የስሕተት መልእክትም አይወጣም። «የትምህርት ቤት ስም»፣ «የተማሪ ስም» ብሎ ከመጀመሪያው ለይቶ መሰየም ይህን ያስቀራል።

ኔክስት ጄኤስ በአንጻሩ ሌላ መንገድ መርጧል። በአዲሱ አፕ ራውተሩ ወላጁ ሌይአውት (ገጾቹን የሚያቅፈው የውጪው ክፍል) በውስጡ ለሚቀመጠው ገጽ ዳታ አያቀብልም። በዚህ ፈንታ ሁለቱም ያንኑ ዳታ በየፊናቸው እንዲጠይቁ ይመክርና፣ በአንድ ዙር አሣሣል ውስጥ የተደጋገመው ተመሳሳይ ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲላክ ያደርጋል። መጀመሪያ ሲሰማ ብክነት የሚመስለው ይህ ሐሳብ ቆይቶ እንደሚታየው ለሌሎቹም ፍሬምወርኮች ይጠቅማል።

ታዲያ ሎደሩ ውስጥ ለምን አይሰጠውም?

የዶሮ ወጥ የሚሠራበትን ቤት እናስብ። ሽንኩርቱ ተቁላልቶና በርበሬው ገብቶ ሳይበስል የዶሮው ብልት አይጨመርም፤ ያ ሥራ በባሕርዩ ተራ ይጠብቃል። እንጀራው ግን ወጡ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ በሌላ ምድጃ ላይ ምጣድ ተጥዶ ጎን ለጎን ይጋገራል። ሁለቱ የሚገናኙት መሶቡ ላይ ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ «ወጡ ምን ያህል ጨው እንዳለው ሳልቀምስ ሊጡን አላፈስም» ብትል እንግዳው በረኀብ ይቆያል።

ሎደሮች በሥራ ላይ ሲሆኑ በወጥ ቤቱ ውስጥ ናቸው፤ ገጹ ሲሣል መሶቡ ቀርቧል። በሪአክት ራውተር ሦስቱም ሎደሮች አብረው ስለሚነሡ የተማሪው ሎደር «የትምህርት ቤቱን ዳታ ስጠኝ» በሚልበት ቅጽበት ያ ዳታ ገና አልመጣም፤ ሊሰጠው የሚችል ነገር የለም። ስለዚህ ሎደሩ የሚቀበለው የመጣውን ጥያቄ፣ የአድራሻውን ቁጥሮችና ለዚያ ጥያቄ የተዘጋጀ የጋራ መያዣ ብቻ ነው፤ የወላጁ ውጤት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ይህ የተረሳ ነገር አይደለም፤ ፍጥነቱ የተገዛበት ዋጋ ነው።

ዋጋውን በቁጥር ለማየት የትምህርት ቤቱ ሎደር 150፣ የክፍሉ 250፣ የተማሪው 200 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል ብለን እንገምት። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ከሄደ ተጠቃሚው 600 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃል። አብረው ከተነሡ ግን የሚጠብቀው ከሁሉ የዘገየውን ብቻ ነው፤ ይኸውም 250 ሚሊ ሰከንድ። ተራ የሚጠብቀውን ሰንሰለት የሙያው ሰዎች «ዋተርፎል» ይሉታል፤ ውኃ ከአንዱ እርከን ወደ ቀጣዩ እንደሚወርድ ማለት ነው። ኤምበር ከጥንት ጀምሮ የሚከተለው ይህንን ነው፤ የወላጁ ሞዴል ሳይጠናቀቅ የልጁ አይጀመርም፣ በምትኩም ልጁ በጭነት ጊዜ የወላጁን ሞዴል እንዳሻው ያገኛል።

እዚህ ላይ ሎደሩ የሚሠራበት ቦታም ይቆጠራል። ሰንሰለቱ በሰርቨሩ ውስጥ ሆኖ ዳታቤዙም አጠገቡ ካለ እያንዳንዱ እርከን የሚጨምረው ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ሊሆን ስለሚችል ብዙም ላያስጨንቅ ይችላል። ሎደሮቹ በብራውዘሩ ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ ግን እያንዳንዱ እርከን የሙሉ ደርሶ መልስ ጉዞ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሞባይል ኔትወርክ የሚጠቀም መምህር አውሮፓ ወዳለ ሰርቨር ሦስት ጊዜ ተራ በተራ ሲመላለስ፣ በቢሮው ውስጥ በፈጣን መስመር መተግበሪያውን የሞከረው ፕሮግራመር ያላየው መዘግየት ይገጥመዋል።

የወላጁ ዳታ ግድ የሚያስፈልግ ከሆነስ?

ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ልጁ በእርግጥ የሚፈልገው የወላጁን ዳታ ነው ወይስ የወላጁን ማንነት የሚለው ነው። የተማሪው ሎደር ውጤት ለማምጣት የሚያስፈልገው የትምህርት ቤቱ ቁጥር 24 እና የክፍሉ መለያ 7ለ ከሆነ እነዚህ ከአድራሻው ላይ ተጽፈዋል። በሪአክት ራውተርም በስቬልትኪትም የልጁ ሎደር የወላጆቹን የአድራሻ ቁጥሮች በሙሉ ይቀበላል። አድራሻው ሁሉም ሎደሮች ሳይጠባበቁ የሚያነቡት የጋራ ሰሌዳ ነው፤ አድራሻን በጥንቃቄ መንደፍ ብዙውን የመጋራት ችግር ከመነሻው ያስወግዳል።

የማይወገደው ዓይነትም አለ። የተማሪውን ውጤት ለማምጣት በአሁኑ ወቅት የትኛው መንፈቀ ዓመት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያንን የሚያውቀው የትምህርት ቤቱ ሎደር ብቻ ነው እንበል። ይህ የቁሌቱና የዶሮው ብልት ጉዳይ ነው። ስቬልትኪት ለዚህ «ፓረንት» የሚባል ፈንክሽን ለልጁ ይሰጠዋል፤ ልጁ ሲጠራው የወላጁ ሎደር እስኪጨርስ ጠብቆ ዳታውን ይቀበላል። ወሳኙ ነገር የሚጠራበት መስመር ነው። የተማሪው ሎደር የወላጁን የማይፈልግ ሌላ ሥራም ካለው፣ ለምሳሌ የተማሪውን ስምና የትውልድ ቀን ማምጣት፣ ያንን መጀመሪያ አስነሥቶ ከዚያ በኋላ «ፓረንት»ን መጠበቅ አለበት። የሁለት መስመሮች ቅደም ተከተል ቢቀያየር ኮዱ ያንኑ ውጤት ይሰጣል፤ ተጠቃሚው ግን ያለ ምክንያት ይጠብቃል። በተጨማሪም «ፓረንት»ን የጠራ ልጅ ከወላጁ ጋር ስለሚተሳሰር ወላጁ በታደሰ ቁጥር እርሱም እንደገና ይጫናል። በሰርቨር በኩል የሚሠራ የልጅ ሎደር በዚህ መንገድ የሚያገኘው በዚያው በሰርቨር በኩል የሚሠሩትን የወላጆቹን ሎደሮች ዳታ ብቻ መሆኑም መታወቅ አለበት።

ታንስታክ ራውተር የተባለው ሌላ ራውተር ሥራውን ለሁለት ከፍሎታል። «ቢፎር ሎድ» የሚባለው ደረጃ ከወላጅ ወደ ልጅ ተራ በተራ ይወርዳል፤ ሎደሮቹ ደግሞ ከዚያ በኋላ አብረው ይነሣሉ። ሪአክት ራውተርም በ7.9 እትሙ ያጸናው ሚድልዌር፣ ማለትም በጥያቄውና በሎደሮቹ መካከል የሚገባ ኮድ፣ ከሎደሮቹ በፊት ከላይ ወደ ታች እየሠራ በጋራ መያዣው ውስጥ ነገር ማስቀመጥ ያስችላል። በእነዚህ ተራ ጠባቂ ደረጃዎች ላይ መቀመጥ ያለበት ጥቂትና ፈጣን ነገር ነው፤ የገባው ተጠቃሚ ማን እንደሆነ ማወቅ ለዚህ ይስማማል፣ የ60 ተማሪዎችን ውጤት ማምጣት ግን ከታች ያሉትን ሁሉ ያስቆማል።

ብዙ ጊዜ ተመራጭ ሆኖ የማገኘው ግን ኔክስት ጄኤስ የሄደበትን ሐሳብ ነው። «የአሁኑን መንፈቀ ዓመት አምጣ» የሚል አንድ ፈንክሽን ይጻፍና ወላጁም ልጁም ይጥሩት፤ ፈንክሽኑ ደግሞ በአንድ ጥያቄ ዕድሜ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ዳታቤዙን እንዲነካ ይደረግ። ሪአክት በሰርቨር ለሚሠሩ ኮምፖነንቶቹ ያዘጋጀው «ካሽ» የሚባለው ፈንክሽን የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ በሌላ ፍሬምወርክ የሚሠራ ሰው ራሱ በጥቂት መስመር ሊጽፈው ይችላል። ሁለት ነገሮች ግን ይሳታሉ። አንደኛ፣ መቀመጥ ያለበት የተጠናቀቀው ውጤት ሳይሆን በመካሄድ ላይ ያለው ጥያቄ ራሱ፣ ማለትም ፕሮሚሱ ነው። ሁለቱ ሎደሮች እኩል ስለሚነሡ ሁለተኛው ሲደርስ የመጀመሪያው ውጤት ገና የለም፤ በመያዣው የሚቀመጠው የተጠናቀቀ ውጤት ብቻ ከሆነ ባዶ አግኝቶ ሁለተኛ ጥያቄ ይልካል። ሁለተኛውና አደገኛው፣ መያዣው ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ መሆን አለበት። በሰርቨሩ ላይ ለሁሉም በሚያገለግል ተለዋዋጭ ውስጥ ከተቀመጠ የአንዱ ትምህርት ቤት ዳታ ለሌላው ትምህርት ቤት መምህር ሊቀርብ ይችላል፤ ፕሮግራመሩ ብቻውን ሲሞክር ይህ ፈጽሞ አይታየውም፣ የሚገለጠው ብዙ ሰው አብሮ ሲጠቀም ነው።

ወላጁ ፈቃድ ካረጋገጠ ልጁ ማረጋገጥ ለምን ያስፈልገዋል?

ከጉዳዩ ሁሉ ይበልጥ ሊሰመርበት የሚገባው ይህ ነው፤ እዚህ ላይ የሚፈጠረው ስሕተት የተማሪዎችን ውጤትና የቤተሰብ ስልክ ቁጥር ለማይገባው ሰው ይከፍታል። ብዙዎች የመግቢያ ፈቃድን በወላጁ ሎደር ውስጥ ብቻ ያረጋግጣሉ፤ ተጠቃሚው ካልገባ ወደ መግቢያ ገጽ ይመልሱታል፣ ከሥሩ ያሉት ልጆችም በዚያው የተጠበቁ ይመስላቸዋል። የግቢው በር ከተቆለፈ ክፍሎቹን መቆለፍ አያስፈልግም እንደማለት ነው። ነገር ግን በዚህ ግቢ ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል ወደ መንገድ የሚወጣ የራሱ በር አለው።

ሎደሮቹ አብረው ስለሚነሡ ወላጁ «ተመለስ» እስኪል ድረስ የልጁ ሎደር ዳታቤዙን ጠይቆ ጨርሶ ሊሆን ይችላል። የልጁ ሎደር አንድ ነገር የሚመዘግብ ወይም የሚቆጥር ከሆነ ሥራው ተፈጽሟል። ከዚህም በላይ፣ ፍሬምወርኮቹ ገጽ ሲለወጥ የሚያስፈልገውን ብቻ ለማምጣት ሲሉ የተወሰኑ ራውቶችን ዳታ ነጥሎ መጠየቅን ይፈቅዳሉ፤ ሆን ብሎ ይህን የሚጠቀም ሰው የወላጁን ሎደር ሳያስነሣ የልጁን ሊጠይቅ ይችላል። በስቬልትኪት መምህሩ ከተማሪ 15 ወደ ተማሪ 16 ሲሻገር የወላጁ ሌይአውት ሎደር የሚያስነሣው ለውጥ ከሌለ እንደገና አይሠራም። በኔክስት ጄኤስም በልጆቹ መካከል ሲኬድ ወላጁ ሌይአውት እንደገና አይሣልም። ስለዚህ ጠዋት የገባ፣ ከሰዓት በኋላ ፈቃዱ የተነሣበት ሰው ገጹን ሳይዘጋ ከልጅ ወደ ልጅ እየተሻገረ ማየቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ወላጁ ያረጋገጠው ጠዋት ነውና።

ስለዚህ ማረጋገጫው ዳታው ከሚወጣበት ቦታ አጠገብ መሆን አለበት። እያንዳንዱ ሎደር «ይህ ሰው ማን ነው? ይህን ተማሪ ለማየት ተፈቅዶለታል?» የሚለውን ለራሱ ይጠይቅ። ከላይ የተጠቀሰው በጥያቄ ዕድሜ የሚቆይ መያዣ ካለ ይህ መደጋገም ዳታቤዙን አያደክምም። ሁሉንም ጥያቄ ከልጁ በፊት የሚይዝ ሚድልዌር ወይም ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን የስቬልትኪት «ሁክ» መጠቀምም ይቻላል፤ ሆኖም የትኛው መምህር የትኛውን ክፍል ማየት እንደሚችል የሚወስነው ጥያቄ ከአድራሻው በላይ ስለሚሄድ ያንን ለልጁ ሎደር መተው ይሻላል።

ወላጁስ የልጁን ዳታ ማየት ይችላል?

ይህ ጥያቄ ብዙም ባይነሣም በሥራ ላይ ይመጣል። በገጹ አናት ላይ «ትምህርት ቤት፣ 7ኛ ለ፣ የተማሪው ስም» እያለ መንገዱን የሚያሳይ መስመር ሲፈለግ መስመሩን የሚሥለው ወላጁ ነው፤ የተማሪውን ስም የሚያውቀው ግን የልጅ ልጁ ነው። ገጹ በሚሣልበት ጊዜ ሁሉም ዳታ በራውተሩ እጅ ስላለ ወደ ላይ ማየትም ይቻላል። ሪአክት ራውተር በወቅቱ የነቁትን ራውቶች ሁሉ ከነዳታቸው በተራ የሚዘረዝር «ዩዝ ማቺስ» የሚባል ፈንክሽን አለው፤ ስቬልትኪትም የተቀላቀለውን ዳታ ከየትኛውም ኮምፖነንት ሆኖ በ«ፔጅ ዳታ» በኩል ለማንበብ ይፈቅዳል።

ወላጁ ግን ከልጁ ይልቅ መጠንቀቅ አለበት። ልጅ በታየ ቁጥር ወላጁ አለ፤ ወላጅ በታየ ቁጥር ግን ያ ልጅ አለ ማለት አይደለም። መምህሩ የክፍሉን ዝርዝር ብቻ ከፍቶ ተማሪ ካልመረጠ የተማሪ ስም የሚባል ነገር የለም፤ የተማሪው ሎደር ከተሳሳተም እንደዚሁ። በሪአክት ራውተር ያልነቃ ራውት ዳታ ሲጠየቅ ስሕተት አይነሣም፣ ባዶ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ መስመሩን የሚሥለው ኮድ ስሙ ሲኖር ብቻ ሦስተኛውን ቁራጭ ይጨምር፤ ሳይኖር «7ኛ ለ» ላይ ያቁም።